የመዝጊያውንና የማጥፊያውን ቦታ ስለ ማወቅ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረጉት ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ መዋጮም ስለ ድንኳንም አይደለም። ስለ መብራት ብሬከር፣ ስለ ውሃ መዝጊያና ስለ ሞተር ማቆሚያ ነው። «ይሄ የባለሙያ ሥራ ነው እንጂ የጸሐፊ ነው ወይ?» የምትሉ አትጠፉም። መጠገኑ እውነትም የባለሙያ ነው። መዝጋቱ ግን በሰዓቱ እቤት የተገኘው ሰው ሥራ ነው። እቤት የሚገኘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አያት፣ የቤት ሠራተኛ ወይም ከትምህርት ቤት የተመለሰ ልጅ ነው።

ባለፈው ክረምት የሆነውን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ስድስት አባወራ በተከራየበት ግቢ የእንጀራ ምጣድ የተሰካበት ሶኬት ይነድ ጀመር። ተከራዮቹ ወደ ቆጣሪው ሮጡ። ቆጣሪውና ብሬከሩ ያሉት አከራይ በቆለፉት ክፍል ውስጥ ነው፤ አከራይ ደግሞ ለቅሶ ሄደዋል። በሩ በመጥረቢያ እስኪሰበር ድረስ እሳቱ ኮርኒሱን ይዞ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልሞተም፤ ነገር ግን የአንዲት እናት ቀለብና የልጆቿ ደብተር አመድ ሆኗል። ሶኬቱን ብቻ አንውቀስ፤ ቁልፉም አለበት።

አከራዮች ለምን እንደሚቆልፉ አይጠፋኝም። አንዱ ቀኑን ሙሉ ምጣድ ይጥዳል፣ ሂሳብ ሲመጣ ግን «እኩል እንክፈል» ይላል። ይህ ጠብ በየግቢው አለ። የሂሳቡን ጉዳይ ወደ ማኅበሩ አምጡት፣ ሽማግሌ እናስቀምጣለን። ብሬከሩ ግን ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚደርስበት ይሁን። መቆለፉ ግድ ነው የሚል ካለ ሁለተኛውን ቁልፍ ከተከራዮቹ ለአንዱ ይስጥ። በዚህ ነገር እኔ በበኩሌ አልለዝብም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ከቆጣሪው አጠገብ ያለው ትልቁ ብሬከር የቤቱን በሙሉ ያጠፋል። የቆጣሪውን ፕሎምብ ግን ማንም እንዳይነካ። ቤት ውስጥ ትንንሽ ብሬከሮች ያሉበት ሳጥን ካላችሁ፣ በቀን ብርሃን አንድ በአንድ እያጠፋችሁ የቱ የቱን ክፍል እንደሚያጠፋ እዩና በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉበት። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። የምጣዱ መስመር ለብቻው ቢሆን ይመረጣል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3000 ዋት በላይ ይወስዳል፣ በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 14 አምፔር መሆኑ ነው። ለሬዲዮና ለስልክ ቻርጅ የተገዛ ቀጭን ማከፋፈያ ይህን አይችልም። ብሬከር እየወረደ ሲያስቸግር በትልቅ ብሬከር መቀየር፣ የተቃጠለውን ፊውዝ በመዳብ ሽቦ ማሰር የለመድን አለን። እንዲህ ሲሆን ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል፣ የሚያቋርጠው ግን የለም።

መብራት ሲሄድም ምጣዱንና ካውያውን ከሶኬት ነቅላችሁ ነው የምትወጡት። መብራቱ ሰው በሌለበት ሰዓት ተመልሶ ይመጣላ!

ሰው ኤሌክትሪክ ከያዘው እጁን ይዞ መጎተት ሁለት ሰው መቅበር ነው። መጀመሪያ ብሬከሩን ማጥፋት። ብሬከሩ ሩቅ ከሆነ በደረቅ ነገር ላይ ቆሞ፣ በደረቅ እንጨት ወይም በፕላስቲክ ወንበር ሽቦውን ከሰውየው ማራቅ። ይህ ለቤት ሽቦ ነው። ከመንገድ ምሰሶ የወደቀ ሽቦ ከሆነ ማንም አይጠጋ፤ ልጆችን አርቆ ወደ 905 መደወል ነው።

ወደ ውሃው ልለፍ። የእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ቧንቧ ከፍቶ «ሲመጣ እሰማለሁ» ብሎ መተኛት ልማድ ሆኗል። ሌሊት ይመጣል፤ ጠዋት ምንጣፉ ይዋኛል፣ የጎረቤት ግድግዳም ይረጥባል። የቤታችሁ መዝጊያ ያለው ከውሃ ቆጣሪው ወደ ቤት በሚመጣው ቧንቧ ላይ ነው። ረዘም ያለ እጀታ ያለው ከሆነ፣ እጀታው ከቧንቧው ጋር በአንድ መስመር ሲሆን ክፍት ነው፤ ቧንቧውን አቋርጦ ሲቆም ዝግ ነው። ክብ እጀታ ያለው ወደ ቀኝ ሲዞር ይዘጋል። ይህኛው ለዓመታት ካልተነካ ይዝጋል፣ በጭንቅ ቀን በመፍቻ ሲታገሉት አንገቱ ይሰበራል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ዝጉና መልሳችሁ ክፈቱት።

ሮቶ ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ የቆጣሪውን መዝጊያ ብትዘጉም ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ መፍሰሱን አያቆምም። ቤት ውስጥ ቧንቧ ከፈነዳ ከሮቶው ሥር ያለውን መዝጊያ ነው መዝጋት። አንድ ጎረቤታችን የቆጣሪውን ዘግተው «ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?» እያሉ 2000 ሊትር ሙሉ በባልዲ ሲቀዱ አመሹ።

የሲሊንደር ጋዝ ነገር ከሁሉም ይለያል። መዝጊያው ሲሊንደሩ አናት ላይ ነው፤ አበስላችሁ ስትጨርሱ የምድጃውን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ዝጉ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል። ሽታ ከመጣ መዝጊያውን ዘግቶ፣ በርና መስኮት ከፍቶ መውጣት ነው። አምፖል ማብራትም ማጥፋትም አይቻልም፤ ትንሿ ብልጭታ ትበቃለች። ስለ ብሬከር ያልኩትም እዚህ ላይ አይሠራም፣ ብሬከሩ ጋዙ በሸተተበት ክፍል ካለ አትንኩት። ከውጭ ሆናችሁ ወደ 939 ደውሉ።

በመጨረሻ ሞተር። የሱቅና የፀጉር ቤት ጄኔሬተሮች በዝተዋል። የቤንዚን ጄኔሬተር ማጥፊያ ቁልፍም የቤንዚን መዝጊያም አለው፤ ሞተሩ ከቆመ በኋላ ቤንዚኑንም መዝጋት ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ ማስነሳት ፈጽሞ አይሆንም፤ ጭሱ እንደ ከሰል ጭስ ተኝቶ ያለ ሰው ይገድላል። ከቤቱ መስመር ጋር ያገናኛችሁ ደግሞ ቼንጅ ኦቨር አስገቡ። አለበለዚያ የእናንተ ጄኔሬተር ኃይል ወደ ምሰሶው ይወጣና ሽቦ የሚጠግነውን የሰው ልጅ ይገድላል።

ወፍጮ ቤታችን የናፍጣ ሞተር ነው ያለው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ አሮጌው ዓይነት የሚቆመው ናፍጣው ሲቋረጥ ነው። የታንከሩን መዝጊያ ብቻ ብትዘጉ በቧንቧው የቀረውን ናፍጣ እስኪጨርስ ይሠራል፤ ነጠላ በቺንጊያ ለተያዘባት ሴት ደግሞ ያ ረጅም ጊዜ ነው። ስለዚህ ማቆሚያውን ዘንግ ከወፍጮ ሠራተኛው ሌላ፣ እህል ይዞ የሚሰለፈው ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። የወፍጮ ቤቱን ባለቤት አነጋግረናል፤ ዘንጉን ቀይ ለመቀባትና ፊቱ የተከመረውን ጆንያ ለማንሳት ተስማምተዋል።

ከመጪው እሑድ ጀምሮ ወጣቶቻችን ሁለት ሁለት እየሆኑ በየግቢው ይዞራሉ። ብሬከሩንና የውሃ መዝጊያውን ከእናንተ ጋር ፈልገው አጠገቡ ቀይ ምልክት ይቀባሉ፤ ምንም አይፈቱም፣ ምንም አይጠግኑም። በዚያን ሰዓት ልጆችና የቤት ሠራተኞች ይገኙ፤ በእጃቸው አንድ ጊዜ ያጥፉት፣ ያብሩት። የተቆለፈበት ግቢ ካጋጠመ ተመዝግቦ ለኮሚቴው ይቀርባል። ቀለሙን ማኅበሩ ገዝቷል፤ ብሩሽ ሁለት ብቻ ስለሆነ ትርፍ ያላችሁ እስከ ቅዳሜ ድረስ ጽሕፈት ቤት አድርሱልን።