በሐኪም ትእዛዝ ስለሚመገብ ሕፃን የተሰጠ ንግግር



መርፌ ቢሆን ሐኪሙ ራሱ ይወጋል፤ ምግብ መድኃኒት ሲሆን ግን የምትሰጠው እናት ናት። ሐኪሙም በየማዕዱ ሊቀመጥ አይችልም። ስለዚህ ሩቅ ያለ ሐኪም በቤት ያለውን ሕፃን እንዴት እንደሚረዳ፥ ከሌላ አገር ምሳሌ አምጥቼ እነግራችኋለሁ። ዘመኑን በአውሮፓ አቈጣጠር እጠራለሁ።

በ1934 ዓ.ም. በኖርዌይ አገር አንዲት እናት የሁለት ልጆቿ አእምሮ ስለ ምን እንደ ደከመ ሳትሰለች ትጠይቅ ነበር። አስቢዮርን ፎሊንግ የሚባል ሐኪም የልጆቹን ሽንት መርምሮ፥ ዛሬ ፌኒልኬቶኑሪያ የሚባለውን ደዌ አገኘ። ደዌው ከአባትና ከእናት የሚወረስ ነው። በሥጋ፥ በወተት፥ በዕንቍላልና በባቄላ የሚገኘውን ፌኒልአላኒን የተባለውን ነገር የሕፃኑ ሰውነት ሊለውጠው ስለማይችል፥ በደሙ ተከማችቶ አእምሮውን ይጐዳል። በ1953 ዓ.ም. ሆርስት ቢክልና ባልንጀሮቹ በእንግሊዝ አገር፥ በበርሚንግሃም ከተማ፥ ይህ ነገር የተቀነሰበትን ምግብ ለአንዲት ሕፃን ሰጥተው መሻሻሏን ገለጡ። ምግቡ ሕፃኑ እንደ ተወለደ ቢጀመርለት አእምሮው ይጠበቃል፤ ቢዘገይ ግን የተጐዳው እንደ ቀድሞው አይመለስም።

ይሁን እንጂ ምግቡ ልክ አለው። ቢበዛ ይጐዳል፤ እጅግ ቢያንስም ሰውነት የገዛ ሥጋውን እያፈረሰ ያንኑ ነገር ወደ ደም ይለቃል። ትኩሳት ሲይዘውም እንዲሁ ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ጋትሪ የደም ጠብታን በወረቀት አድርቆ የመመርመርን ዘዴ በ1963 ዓ.ም. አሳተመ። ዛሬ በእንግሊዝ አገር ወላጆች በቤታቸው የልጃቸውን ጣት ወግተው፥ ጠብታውን በወረቀት አድርቀው በፖስታ ይልካሉ፤ የምግብ ሥርዓት ዐዋቂውም ቍጥሩን አይቶ «ይህን ቀንሱ፤ ይህን ጨምሩ» ብሎ በስልክ ይመክራቸዋል።

ነገር ግን ስልክ ማዕዱን አያይም፤ የተነገረውን ብቻ ይሰማል። ጎረቤት አዝኖለት ዕንቍላል ቢያጐርሰው፥ እናትም አፍራ ብትደብቅ፥ መካሪው የታዘዘው ምግብ የበዛ መስሎት ከሚገባው ይቀንሳል፤ ሕፃኑም በሁለት ወገን ይጐዳል። እኔ በጽሕፈት ሥራ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ የጐደለ መዝገብ ከጠፋ መዝገብ እንደሚከፋ ዐውቃለሁ። የጠፋውን ሰው ይፈልገዋል፤ የጐደለውን ግን ሙሉ መስሎት ያምነዋል።

አባቶቻችን «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይላሉ። ለእንዲህ ያለው ሕፃን ግን የሩቁ ሐኪም የሚጠቅመው የቅርቡ ጎረቤት ሲተባበር ነው። እንግዲህ የደዌው ስም ሌላ ቢሆንም፥ በሐኪም ትእዛዝ የሚመገብ ሕፃን በመንደራችሁ ቢኖር ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። መጀመሪያ፤ ጕርሻ የፍቅር ምልክት ቢሆንም፥ ወላጆቹን ሳይጠይቅ ማንም አያጕርሰው። ሁለተኛ፤ እናቱ መጻፍ የማትችል ብትሆን፥ የበላውንና የተወውን ተማሪ የሆነ ልጅ በየቀኑ ይጻፍላት። ሦስተኛ፤ ቢታመም ወይም ምግብ እንቢ ቢል፥ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይነገር። ስሕተትም ቢሆን ሳይደበቅ ይነገር፤ እናቲቱንም ስለ ተናገረች ማንም አይንቀፋት።

እግዚአብሔር ሕፃናታችንን ይጠብቅልን።