ሰምና ወርቅ፦ ከአንጥረኛው ቤት እስከ ጄት ሞተር
(ለእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ጥቂት ደቂቃ ለምነን የቆምነው ስለ አንድ የእጅ ሙያ ለመናገር ነው። የእድር ጉባኤንና የብረት ሥራን ምን አገናኛቸው የሚል አይጠፋም፤ እንደርስበታለን።

ቅኔ የቀመሰ ሁሉ «ሰምና ወርቅ» ይላል። ቃሉ የመጣው ከአንጥረኛው ቤት ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ጌጥ ወይም መስቀል መጀመሪያ በንብ ሰም ይሠራዋል። ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ መግቢያ ቀዳዳም ይተውለታል። ጭቃው ደርቆ እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል። በባዶው ቦታ የቀለጠው ወርቅ፣ ብር ወይም ናስ ይፈስበታል። ሲበርድ ጭቃው ይሰበራል፤ ወርቁም የሰሙን መልክ ይዞ ይወጣል።

ይሄ ሙያ የእኛ ብቻ አይደለም። የምዕራብ አፍሪካ የቤኒን ሰዎች ዝነኛ የናስ ምስሎቻቸውን የሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ዊልያም ታጋርት የሚባል አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም፣ ለተቦረቦረ ጥርስ የሚሆን የወርቅ መሙያ በዚሁ ዘዴ ሲያፈስ ለሙያ ጓደኞቹ አሳየ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ በቶርኖ ለመቅረጽ ያስቸገሩ ጠንካራ የአውሮፕላን ሞተር ክፍሎች በብዛት ተሠሩበት።

የዛሬው ፋብሪካ አሠራር እንዲህ ነው። ሰሙ በብረት ፎርማ ውስጥ ተገፍቶ ይቀረጻል። ብዙ የሰም ቅርጾች በአንድ የሰም ግንድ ላይ እንደ ዛፍ ፍሬ ይለጠፋሉ። ዛፉ በቀጭን የሴራሚክ ጭቃ እየተነከረ፣ ደቃቅ አሸዋ እየተነሰነሰበት፣ እየደረቀም ስድስት ስምንት ጊዜ ይደረብበታል። ከዚያ ሰሙ በእንፋሎት ይወጣል፤ ቅርፊቱ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይተኮሳል፤ ብረቱም ይፈስበታል። ብረት ሲበርድ ስለሚኮማተር ሰሙ አስቀድሞ በጥቂቱ ተለቅ ተደርጎ ይሠራል። ታዲያ በ25 ሚሊሜትር ርዝመት ላይ ስህተቱ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ብዙም አይርቅም።

የጄት ሞተር ተርባይን ምላጭ የሚሠራው እንዲህ ነው። የሚያልፍበት ጋዝ ምላጩን ራሱን ከሚያቀልጠው ሙቀት በላይ ይሞቃል። የማይቀልጠው በሆዱ ውስጥ ቀጫጭን የአየር መንገዶች ስላሉት ነው። እነዚያን በመሰርሰሪያ ማውጣት አይቻልም፤ ከሰሙ ጋር አብረው የሚቀረጹ ናቸው። ከዳሌና ከጉልበት መተኪያ ብረቶችም ብዙዎቹ በዚሁ ዘዴ ይፈስሳሉ።

እንግዲህ ወደ እድራችን እንመለስ። በቀብራችን ፊት የሚሄደው የመጾር መስቀል፣ የቆየ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ በሰም ተቀርጾ የፈሰሰ ነው። መስቀሉን ተሳልመን የሠራውን ሰው «ቀጥቃጭ»፣ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» ስንል ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መሳደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ዛሬም በለቅሶ ድንኳን ሥር በሹክሹክታ ይሰማል። በአንድ ድንኳን ሥር ተቀምጠን፣ በአንድ መዋጮ ተቀባብረን፣ በሙያ መናናቅ ከእድር ሕግ ጋር አይሄድም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ባለ እጅን የሚሰድብ አባል በእድራችን ደንብ ይገሠጽ። ሁለተኛ፣ ልጆቻችን ብረት ማቅለጥና ማፍሰስ እንማር ሲሉ አናሳፍራቸው፤ «ሌላ ነገር አጥተህ ነው ወይ?» አንበላቸው። የአንጥረኛው ብልሃት አውሮፕላን አንሥቷል፤ የእኛን ልጆች እንጀራ ማንሣት አያቅተውም።