ነፍሴ ያልኩ ቀን

 

በመጣሁ በሁለተኛው ወር፣ መታጠቢያ ቤት ሳጥብ በረኪናና አሲድ ቀላቀልኩ። (አደራ፣ እናንተ እንዳትቀላቅሉ!) ትንፋሼ ተዘጋ። ዐረብኛ አላውቅም። «ነፍሴ! ነፍሴ ልትወጣ ነው!» ብዬ በአማርኛ ጮኽኩ። ማዳም ገባት፤ ጎትታ በረንዳ አወጣችኝ። ለካ በእነርሱም ቋንቋ ነፍስ «ነፍስ»፣ ትንፋሽ «ነፈስ» ነው።

ነገሩን ኋላ ያገኘሁት በአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት ነው። አለቃ በኢየሩሳሌም ብዙ ዘመን ኖረዋል። መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን ተቀብለው ደከሙበት፤ ሳይታተም ዐረፉ። ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ደግሞ ፈጽመው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። አንድ መጽሐፍ፣ ሦስት ትውልድ!

አለቃ ግእዙን ከዕብራይስጥና ከዐረብኛ ጋር ያስተያዩታል። ቤት፣ ዐይን፣ ደም፣ ስም፤ ማዳም ስትናገር የምንሰማቸው ቃላት ዘመዶቻችን ናቸው። እኔ ከዚያ ወዲህ ወጥ ቤት የሰማሁትን ሁሉ በደብተር እጽፋለሁ፤ «አትሰማም» መባሉም ቀረልኝ።

ሀለሐመ ብላችሁ ከገባችሁ ግን ትጠፋላችሁ። መጽሐፉ የሚሄደው በአበገደ ነው፤ ቃሉም የሚገኘው ከግሡ ሥር ነው። «መጽሐፍ»ን እኔ መ ላይ ስፈልግ አመሸሁ፤ «ጸሐፈ» ሥር ተቀምጧል። ነፍስን «ነፈሰ» ሥር ፈልጓት፤ ነፋስም እዚያው አለ።

ፎቶ ኮፒው በቤተ ክርስቲያናችን አለ። ዐርብ ከቅዳሴ በኋላ ደብተር ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እንገልጣለን።