ዲጋ ርካሽ ናት፤ ግን ለማን?

መስከረም ሲቃረብ ዝውውር የሚጠብቁ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች የሚያነሱት ጥያቄ ያው ነው፤ «አዲስ አበባን ለቅቄ ነቀምቴ፣ ወይ ደግሞ ከነቀምቴ አለፍ ብዬ ዲጋ ብቀመጥ ኑሮ ይቀለኛል?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አሰላሉ ግን የተሳሳተ ነው። አብዛኛው ሰው የጤፍ ኩንታልና የቤት ኪራይ ጠይቆ፣ ሁለቱን ከአዲስ አበባ ዋጋ ጋር አስተያይቶ «ርካሽ ነው» ብሎ ይደመድማል። ዋጋ ብቻውን ኑሮን አይነግራችሁም። መታየት ያለበት የማይቀረው ወጪ ሁሉ ከተከፈለ በኋላ ከገቢያችሁ የሚተርፈው ነው። ይህን ዛሬ ደግሜ ደጋግሜ እላለሁ፤ ባለፈው ጊዜም ብዬው፣ ጥያቄው ተመልሶ የመጣው እንደገና በጤፍ ዋጋ ነው።

የመንግሥት ደመወዝ ስኬል በአገሪቱ ሁሉ አንድ ነው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በዲግሪ የሚቀጠር ጀማሪ ሠራተኛ 11,500 ብር መነሻ ደመወዝ አለው፤ ቦሌ ቢመደብም ዲጋ ቢመደብም ያው ነው። ስለዚህ ለእሱ የኪራዩ ልዩነት በቀጥታ ኪሱ ውስጥ ይቀራል። ዲጋ ላይ በቀን ሥራ የሚያድረው ግን ሌላ ሒሳብ ውስጥ ነው። ኪራይ ዝቅ ያለው ገንዘብ ይዞ ቤት የሚፈልግ ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው፤ የቀን ሠራተኛው ክፍያም ዝቅ ያለው በዚያው ምክንያት ነው። ሁለቱ አብረው ስለሚወርዱ ለቀን ሠራተኛው የሚተርፈው ትርፍ የለም። የትንሽ ከተማ ርካሽነት እንግዲህ ገቢውን ከውጭ ይዞ ለሚመጣ ነው፤ ለደመወዝተኛ፣ ለጡረተኛ፣ ከውጭ አገር ለሚላክለት።

«ገበሬውስ? እህሉን ከጎተራው ይበላል» የሚል አለ። በቆሎና ዳጉሳ ከጓሮው ያገኛል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ሸማቹ ርካሽ ያለው ዋጋ የገበሬው ገቢ ነው። ማንጎን ተመልከቱ። ነቀምቴና ዲጋ ባሉበት በምሥራቅ ወለጋ ማንጎ በአንድ ጊዜ ይደርሳል፣ የሚያቆየው በቂ ማቀነባበሪያ የለም፣ ዋጋው ይወድቃል። በዚያ ላይ ነጭ የማንጎ ተባይ የሚባለው በ2002 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እዚሁ ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ፣ በጉቶ ጊዳ ወረዳ ሎኮ አካባቢ ነበር። በቆሎም ቢሆን፣ ገበሬው ዕዳ ለመክፈል ታኅሣሥና ጥር ላይ ይሸጥና ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲጎድል መልሶ ይገዛል፤ በጥር ዋጋ ሸጦ በነሐሴ ዋጋ ይገዛል ማለት ነው። እናንተም ዋጋ ስትጠይቁ ጥር ላይ የሰማችሁትን ዓመቱን ሙሉ የምታገኙት አይምሰላችሁ።

አሁን ከመርሐ ግብሩ ወጣ ልበል፤ ለእኔ ከሁሉ የሚገርመው የመንገዱ ነገር ነው። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ ወደ 330 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከአዲስ አበባ ሸቀጥ ጭኖ የሚመጣ መኪና ሲመለስ ቡናና በቆሎ ካገኘ የሁለቱም ጉዞ ወጪ ይካፈላል፤ ባዶውን የሚመለስ ከሆነ የባዶው ጉዞ ወጪ እንዲሁ አይቀርም፣ በመጣው ሸቀጥ ላይ ይጫናል። ስለዚህ ዲጋ ያለ ሰው የሚገዛው ሳሙና፣ ዘይትና ቆርቆሮ ዋጋ የሚወሰነው ከዚህ በሚወጣው ቡናና በቆሎ ብዛትም ነው። መከር ሲያንስ የከተማው ሱቅም ይወደዳል ለማለት ነው። የነዳጅ ድጎማ ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ፣ ሐምሌ 2016 ብር ሲንሳፈፍና ዶላር ከ57 ብር አካባቢ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ሲያልፍ፣ ይህ ሁሉ ከመንገዱ ዳር ባሉ ትናንሽ ሱቆች ታይቷል። ባለፉት ዓመታት በወለጋ በነበረው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ በገንዘብም የማይገኝ ዕቃ ነበር። ኪራይ ርካሽ የሆነበት አገር ዘይትም ርካሽ ይሆናል የሚሉ ሰዎች ግን ዛሬም አሉ!

«ታዲያ በየትም አገር ሰው ከትልቅ ከተማ ወደ ትንሽ ለምን ይሸሻል?» የሚል ጥያቄም ደርሶናል። ካናዳ ያሉ ወገኖቻችንም ከቶሮንቶ ኪራይ ሸሽተው ወደ ትናንሽ ከተሞች ይሄዳሉ፤ ነገር ግን አውቶቡስ የማይበዛበት ቦታ መኪና የግድ ይላል፣ ኪራይ ላይ የተረፈው ለቤንዚንና ለኢንሹራንስ ይሄዳል። የእኛም ከዚያ ብዙም አይርቅም። ልጅ በጠና ቢታመም ሆስፒታሉ ነቀምቴ ነው፤ ከፍ ያለ ሕክምና ካስፈለገ አዲስ አበባ። የጉዞው ወጪ፣ አብሮ የሚሄደው ሰው ማደሪያ፣ የሚቀርበት ሥራ፣ ሁሉም ከተረፈው ኪራይ ላይ ይቀነሳል። ወረቀት ላይ ስታሰሉ ኪራይንና እህልን በአንድ ወገን፣ ከመንገድ ላይ የሚመጣውን ሁሉ በሌላ ወገን ጻፉ፤ ሕክምናና ትምህርት ቤት በሁለተኛው ወገን ይግቡ። ስለ ኪራይ ውል የጠየቃችሁኝ አላችሁ፤ የመንገዱ ወሬ ጊዜውን በልቶታልና እሱ ለሚቀጥለው ሳምንት ይደር።