የለቅሶ ብድር በመንግሥታት ዘንድና በዕድራችን
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በእኛ በከሚሴ ሰው ሲሞት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ኦሮምኛ ተናጋሪውም አማርኛ ተናጋሪውም ተጠራርቶ ይደርሳል። ከባቲና ከዳዋ ጨፋ የሚመጣው ዘመድም እዝን ይዞ ይገባል። ሐዘንተኛውም ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ማን እንደመጣለት በልቡ ይይዛል፤ ብድር ነዋ! ይህ ልማድ ታዲያ የመንደር ብቻ አይደለም። መንግሥታትም በሐዘን ይደራረሳሉ፤ ይመሰጋገናሉ።

ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ነሐሴ 14 ቀን 2004 ዓ.ም. በብራስልስ ሲያርፉ የሐዘን መልእክት ከየአገሩ ጎረፈ። ነሐሴ 27 ቀን በመስቀል አደባባይ በተደረገው ስንብት ላይ የያኔው የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት ጃኮብ ዙማ፣ የሩዋንዳው ፖል ካጋሜ፣ የያኔው የሱዳን መሪ ዑመር አልበሽር፣ ከአሜሪካም አምባሳደር ሱዛን ራይስ ተገኙ። በዚያ ዘመን የአሜሪካና የሱዳን መንግሥታት ዓይንና ናጫ ነበሩ። ለቅሶ ግን ኩርፊያ አያውቅምና ሁለቱም መጡ።

እንግዲህ የምስጋናው ሥራ የሚጀምረው ከቀብር በኋላ ነው። በዲፕሎማሲ ልማድ የመጣው መልእክት ሁሉ ይመዘገባል፤ መልሱም በማዕረግ ይሄዳል። መሪ ለጻፈ መሪ፣ ሚኒስትር ለጻፈ ሚኒስትር ይመልሳል፤ ደብዳቤውንም ኤምባሲ ያደርሰዋል። ይህን ቸል ያለ መንግሥት እንደናቀ ሊቆጠር ይችላል።

ከደብዳቤው የሚበልጠው ምስጋና ግን እግር ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመስከረም 1956 ዓ.ም. የፕሬዚዳንት ኬኔዲ እንግዳ ሆነው ዋሽንግተን ተቀብለዋቸው ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ኬኔዲ ሲገደሉ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው ሄደው ኅዳር 15 ቀን ከቀባሪዎቹ ጋር ቆሙ። ኔልሰን ማንዴላም በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሲያርፉ የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትራችን ኃይለማርያም ደሳለኝ እስከ ቁኑ መንደር ድረስ ሄደው ቀበሩ። ዙማ አዲስ አበባ ከመጡ ገና ሁለተኛ ዓመቱ አልሞላም ነበር።

ታዲያ መንግሥት ብድሩን የሚያስታውሰው በምን ይመስላችኋል? በመዝገብ ነው! እኛ ዘንድ መዝገቡ የሽማግሌዎቻችን ልብ ነው። እነርሱ ሲያልፉ ማን ደርሶልን እንደነበር የሚያውቅ አይኖርም፤ ብድሩም አብሮ ይቀበራል። ልጆቻችንም ሥራ ፍለጋ በየከተማው ተበትነዋል፤ ማን ለአባታቸው እንዳለቀሰ በምን ያውቃሉ?

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ጸሐፊያችን ከመዋጮው መዝገብ ጎን አንድ ደብተር ይያዝ። ከሩቅ የመጣው ሰውና ሐዘኑን የላከልን ዕድር ስሙ ይጻፍበት። በአንድ ወር ጊዜ ውስጥም በሐዘንተኛው ቤተሰብና በዕድሩ ስም ምስጋና ይላክ። በእነርሱ ቤት ሞት ሲሰማ ደግሞ ደብተሩ ይገለጥና ከመካከላችን ሰው ይሂድ። ወጪው የአንድ ደብተርና የመሳፈሪያ ነው፤ ከባድ አይደለም።

ፈጣሪ ለሞቱት ምሕረቱን፣ ለቀረነው ጤናና መተሳሰቡን ይስጠን።