የሕፃናት የድራማ ክበብ በእድራችን ድንኳን ሥር

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



 በዚህ ዓመት ለተለዩን አባሎቻችን ነፍስ ይማር እላለሁ። የእድራችን ዳኛ የሰጡኝ ጊዜ አጭር ስለሆነ ሐተታ ሳላበዛ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። ጉዳዩም ከ6 እስከ 10 ዓመት ለሆናቸው የሰፈራችን ልጆች አንድ የድራማ ክበብ በእድራችን ጥላ ሥር ይቋቋም የሚል ነው።

ሐሳቡ በኮሚቴው ፊት ሲቀርብ «እድር የቆመው ሰው ለመቅበርና ሐዘንተኛ ለማጽናናት ነው፤ ቴአትር ምን አገባው?» የሚል ጥያቄ ተነሥቷል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የእድር ገንዘብ የሐዘንተኛ ገንዘብ ነውና እንደ ዋዛ አይነካም። ነገር ግን እድር ከቀብር በላይ ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ቤታችንን ሲያራቁት፣ ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች ሕመምተኛ መጠየቅና ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች መርዳት ጀምረው ነበር። ያን ጊዜ «ሞቶ ከመቅበር በሕይወት ሳለ መርዳት ይሻላል» ተብሎ ነው ደንብ የተሻሻለው።

ዛሬ የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው። እስቲ ይህን አዳራሽ ዞር ብላችሁ ተመልከቱ፤ አብዛኞቻችን ፀጉራችን ነጭ ነው። ወጣቱ እድር አይገባም፤ ቢገባም መዋጮውን በሰው ይልካል። ልጆቻችን ድንኳናችንን የሚያውቁት በልቅሶ ብቻ ነው። ሲተከል ሲያዩ «ማን ሞተ?» ብለው ይጠይቁና ከበር ይመለሳሉ። ታዲያ በልጅነቱ ያልገባበትን ቤት ሲያድግ እንዴት የኔ ይበለው? ነገ እኛን የሚሸከሙን እኮ እነሱ ናቸው።

አንዳንድ ሰው ድራማ ሲባል ከውጭ የመጣ ነገር ይመስለዋል። የኛ ልጆች ግን ሳናስተምራቸውም ይጫወቱታል። በቡሄ ዱላቸውን ይዘው ሆያ ሆዬ ሲሉ አንዱ አውራጅ፣ ሌላው ተቀባይ ነው፤ የቤቱን ጌታ ማወደስ፣ ሙልሙሉ ቢዘገይ መማጠን፣ ሲሰጣቸው መመረቅ ያውቁበታል። በእንቁጣጣሽ ሴቶች ልጆች አበባየሆሽ እያሉ ደጃፍ ለደጃፍ ይዞራሉ። ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ደግሞ እናት፣ አባት፣ ሐኪም፣ ባለሱቅ ይሆናሉ። የአባቱን አነጋገር አሳምሮ የማያስመስል ልጅ የት አለ? ስለዚህ ክበቡ አዲስ ነገር አይፈጥርም፤ ያለውን ሰብሰብ አድርጎ ሰዓትና ቦታ ይሰጠዋል እንጂ።

የአገራችን ዘመናዊ ቴአትርም ሲጀመር ከተረት ነው የተነሣው። ከመቶ ዓመት በፊት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት የመጀመሪያው ተውኔት «ፋቡላ» በአውሬዎች ተረት የተሠራ ነበር። አውሬዎቹ ሲናገሩ መኳንንቱ የራሳቸውን ነገር ሰሙበትና በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ከዚያ በኋላም ዮፍታሔ ንጉሤን የመሳሰሉ ደራሲዎች የትምህርት ቤት ተማሪዎችን እያስጠኑ ነው ቴአትር ያሳዩት። ከኛ ሰፈር ቁልቁል ወርደን ፒያሳ የምናገኘው ሀገር ፍቅር ከመቋቋሙ በፊት፣ ማለት ከ1927 ዓ.ም. በፊት፣ መድረኩን የያዙት ተማሪዎች ነበሩ ማለት ይቻላል።

አባባ ተስፋዬንም ሁላችንም እናስታውሳለን። ተስፋዬ ሣህሉ ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ጊዜ የሴት ልብስ ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርይ የተጫወቱ፣ ኮሪያም የዘመቱ አርቲስት ነበሩ። በ2009 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ግን ስማቸው የታወቀው በልጆች ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ሲያወሩ ትልቅ ዕቃ አልነበራቸውም፤ ፊታቸው፣ ድምፃቸውና በዙሪያቸው የተቀመጡት ልጆች ይበቁ ነበር።

ከቅርቡ ደግሞ አንድ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው የዳንስ አሠልጣኝ ሮይስተን ማልዱም እዚሁ አዲስ አበባ የጎዳና ልጆችን ሰብስቦ ትልቅ ትርዒት አሳየ። ከነሱ የተመረጡት «አዱኛ» የሚባል የዳንስ ቡድን ሆነው ለዓመታት ሠለጠኑ፤ በኋላም ራሳቸው አካል ጉዳተኞችን ጭምር አስተማሩ። ሰው አይረቡም ያላቸው ልጆች ነበሩ። የተሰጣቸው ሰዓት፣ ሥራና የሚመለከታቸው ዓይን ነው።

እንግዲህ ወደ አሠራሩ ልግባ።

ልጆቹ ከ15 ባይበልጡ ይመረጣል፤ ከበዙ በሁለት ይከፈሉ። ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጊዜውም አንድ ሰዓት ይሁን። ትንሽ ልጅ ከዚያ በላይ ይሰለቻል። መጀመሪያ ሩጫና ጨዋታ፣ ቀጥሎ ተረት መስማት፣ ከዚያ ተረቱን ተነሥቶ መጫወት ነው። የአህያና የጅብ፣ የአንበሳና የአይጥ ተረት ይበቃል። ቃል በቃል አናስጠናቸው፤ በራሳቸው አፍ ይናገሩት። ልጁ ሲረሳ የሚደነግጠው የሰው ቃል ሲሸከም ነው።

በትምህርት ቤት የጸረ ኤድስ ክበባት ድራማ ላይ አንድ ነገር ታዝቤአለሁ። ሥራው መልካም ነበር፤ ግን ብዙ ጊዜ የትልቅ ሰው ስብከት በልጅ አፍ ይነገር ነበር። እኛ ምክራችንን በነሱ አፍ አንጨምር። ጅቡ ለምን እንደራበው ልጁ ራሱ ይንገረን።

አይናፋሩ ልጅ መጀመሪያ ዛፍ ይሁን፣ ወይም በር ይሁን። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ በሩ ራሱ «ማነው የሚያንኳኳ?» ማለቱ አይቀርም። የሚንተባተብ ልጅ ቢኖር ማንም አይቸኩልበት፣ ማንም አይሳቅበት። በቤቱ ጋሞኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ የሚናገር ልጅ የአያቱን ተረት በአያቱ ቋንቋ ቢጀምርልን ክበቡ ይከብራል እንጂ አይጎድልም።

ለልብስ ነጠላና አሮጌ ጋቢ፣ ለጭምብል ካርቶንና ከሰል ይበቃል። ሽሮ ሜዳ የሚሸምኑ አባሎቻችን ቁርጥራጭ ጨርቅ እንደማይነፍጉን አምናለሁ።

አሁን ጥብቅ ስለሆነው ነገር ልናገር። ከልጆቹ ጋር ሁልጊዜ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይኑሩ፤ አንዷ ሴት ትሁን። ማንም ሰው ለብቻው ከአንድ ልጅ ጋር በር ዘግቶ አይቀመጥ። ወላጅ በፊርማው ይፍቀድ፤ ልጁን የሚወስደውም ሰው በመዝገብ ይታወቅ። ዱላና ስድብ ፈጽሞ አይኑር። መዝገቡን ለመያዝ እኔ ፈቃደኛ ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት እሱን ነው።

«በትርዒቱ ቀን ሰው ቢሞትስ?» ላላችሁት መልሱ አጭር ነው። ድንኳኑም አግዳሚውም መጀመሪያ የሐዘንተኛው ነው። ጡሩምባ ከተነፋ ትርዒቱ ለሌላ ቅዳሜ ይተላለፋል፤ ልጆቹም ምክንያቱ ይነገራቸው። እድር ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም። ጨዋታቸውን ለሰው ሐዘን የለቀቁ ልጆች ሲያድጉ ቀብር አይቀሩም።

ስለሆነም ጉባኤው እንዲወስን የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው።

1ኛ/ ሐዘን በሌለበት ቅዳሜ ድንኳኑና አግዳሚዎቹ በንብረት ክፍሉ ፊርማ ለክበቡ እንዲሰጡ፤

2ኛ/ ከእድሩ ካዝና ገንዘብ ሳይወጣ፣ ወጪው በፈቃደኞች መዋጮ እንዲሸፈንና ሒሳቡ ለጉባኤው እንዲቀርብ፤

3ኛ/ ሁለት እናቶችና ሁለት ወጣቶች ያሉበት አምስት አባል ኮሚቴ ዛሬውኑ እንዲመረጥ፣ ሥራውም ለስድስት ወር ተሞክሮ ካልጠቀመ እንዲቀር ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እጃችሁን የምታወጡት ለኔ አይደለም፤ ከበር ለሚመለሱት ልጆች ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጉባኤ ላይ ከሪፖርቱ በፊት አሥር ደቂቃ ለነሱ እንድንሰጥ ያብቃን።

እድራችንን ያጽናልን፣ ልጆቻችንን ያሳድግልን።