የሠዓሊው የጕዞ ደብተር



ሰው ያየውን ኹሉ በልቡ ይዞ ሊኖር አይችልም፤ ልብ ይረሳል፤ ዓይንም ይፈዛል። የተጻፈ ነገር ግን አደራውን ይጠብቃል። ለዚህም የኑርንበርጉ ሠዓሊ አልብሬኽት ዱረር ምስክር ነው።

ይህ ሠዓሊ ከንጉሠ ነገሥቱ ከማክሲሚልያን በየዓመቱ 100 ጉልደን ተወስኖለት ነበር። ንጉሡ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1519 ዓመተ ምሕረት ስለ ሞተ፤ አዲሱ ንጉሥ ካርል 5ኛ ይህን ድርጎ እንዲያጸናለት ለመለመን፤ በ1520 በሐምሌ ወር ከሚስቱ ከአግነስና ከአንዲት ገረድ ጋራ ወደ ኔዘርላንድ ተጓዘ። ልመናውም በዚያው ዓመት ተፈጸመለት።

በመንገዱ ኹሉ ደብተር ይጽፍ ነበር። የሚበዛው ለምሳና ለጀልባ የከፈለው፤ ሥዕሉንም ለማን እንደ ሸጠ፤ ለማንስ በስጦታ እንደ ሰጠ የሚናገር ነው። ያነበበው ሰው የነጋዴ ሒሳብ ነው ብሎ ሊንቀው ይችል ይኾናል። ነገር ግን በሒሳቡ መካከል ትልቅ ነገር ተቀምጧል።

በብሩክሴል ከሜክሲኮ ለንጉሡ የመጣውን ዕቃ አየ፤ የሰው ኹለት እጅ ተዘርግቶ የሚደርስበትን ያህል ሰፊ የኾነ፤ ኹለንተናው ወርቅ የኾነ የፀሐይ ምስል፤ በዚያው ልክም ኹለንተናው ብር የኾነ የጨረቃ ምስል ነበረ። ዱረር የወርቅ አንጥረኛ ልጅ ነበረና የሠሪዎቹን ጥበብ አስተውሎ አደነቀ። ያ የወርቅ ፀሐይ ዛሬ የለም፤ የጻፈው ቃል ግን አለ።

በታኅሣሥም ባሕር ትልቅ ዓሣ አንበሪ ወደ የብስ ጣለ ሲሉት ሰምቶ ወደ ዜላንድ ሄደ፤ ሲደርስ ማዕበሉ መልሶ ወስዶት ነበር። ዱረርም ያላየውን አየኹ አላለም፤ የኾነውን እንደ ኾነ ጻፈ። የደብተሩ መታመን ከዚህ የተነሣ ነው።

በ1521 በአንትወርፐን በፖርቱጋል ንጉሥ ወኪል ቤት የምታገለግለውን ጥቍር ሴት እንደ ሣለ በደብተሩ አስገባ፤ በሥዕሉም ላይ ስሟ ካታሪና፤ ዕድሜዋም 20 ዓመት እንደ ኾነ ጻፈ። የብዙ ባለጠጎች ስም ሲጠፋ የአገልጋዪቱ ስም እስከ ዛሬ ኖረ፤ ሥዕሏም በፊሬንዜ በኡፊፂ ቤተ መዘክር ይገኛል።

ዱረር በገዛ እጁ የጻፈው ደብተር ራሱ ጠፍቷል። ዛሬ የሚነበበው ሌሎች ሰዎች ገልብጠው ያቈዩት ነው። እንግዲህ መታሰቢያ በኹለት ሰዎች ድካም ይቆማል፤ በሚጽፈውና በሚገለብጠው።

ስለዚህ ደብር በዓሉን ሲያከብር የሰጪዎችን ስም ብቻ ሳይኾን ድንጋይ የተሸከመውን፤ ውሃ የቀዳችውንም በመዝገብ ያስገባ፤ መዝገቡንም ያስገልብጥ። ዛሬ ትንሽ የሚመስለው ነገ ለልጆች ታሪክ ይኾናልና።